ጠመኔ የተነሰነሰበት ሞተር

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ሌላው ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፣ ወይ ይጸልያል፤ እኔ ዕቃ አንኳኳለሁ። ያን ሳምንት ከድስት ክዳን እስከ መኪና በር ያላጋጨሁት ነገር አልነበረም። ከመኪናችን ስር ናፍጣ ይንጠባጠብ ነበር።

የናፍጣ ነገር ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ፤ ጣጣው ሌላ ነበር። ቤታችን ከቤቴል ወረድ ብሎ ነው፣ ግቢው ጠባብ፤ መኪናዋ ከገባች ሰው በጎን እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሲጎትት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ይቺን የናፍጣ መኪና ገዛ። ያኔም አዲስ አልነበረችም። የቤንዚን መኪና ለእሱ መኪና አይደለም፤ "እሱማ ላይተር ነው" ይላል። ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው፣ ከዚያ ነው እኛን እንዴት አደራችሁ የሚለን።

እናቴን ስኳር ይዟት እግሯ ላይ አልድን ያለ ቁስል አለባት። ሰኞ ሰኞ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሄዳ ቁስሉ ታጥቦ ይታሸግላታል። እግሯን ማጠፍ ስለማትችል ታክሲ አይሆናትም፤ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ነው የምትሄደው። አባቴ ይነዳል፣ እሷ ከኋላ ትእዛዝ ትሰጣለች። "ቀስ በል። እዚህ ጋ ታጠፍ። አሁን ቀጥ በል።" አብሬያቸው ስሄድ እስቅባት ነበር፤ እማዬ፣ አንቺ ትራፊክ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ እላታለሁ። አባቴ ግን አይቆጣም፤ ያለችውን ይሰማል። አሰብን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሹፌር በሚስቱ ሲመራ ማየት ያስቀኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሳንሱሲ ነው። እሁድ ሊጠይቀን መጣና ሲሚንቶው ላይ የተኛውን ናፍጣ አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። ቀድሞም ሆዱ አንድ ነገር ይዞ ነበር። በቅርቡ አባታችን ናፍጣ ሊቀዳ ብሎ ከጠዋት ወጥቶ የተመለሰው ሊመሽ ሲል ነው። ሰልፍ ነበር አለ። ናፍጣ ሰልፍ እንዳለው ማን ይክዳል፤ ግን ነዳጁን ሳይቀዳ ነበር የተመለሰው። ወንድሜ ወደ ጥግ ወስዶኝ መኪናዋ ትሸጥ፣ ቁልፉም ከአባዬ ኪስ ይውጣ አለኝ። እኔ ደሜ ፈላ። መንገዱ ሁሉ ፈርሶ እየተሠራ፣ መታጠፊያው ሁሉ እየተቀየረ፣ እኔስ ይጠፋኝ የለ እንዴ አልኩት። ያረጀችው መኪናዋ ናት እንጂ አባዬ አይደለም፤ መኪና ደግሞ ይጠገናል አልኩት።

"የድሮው አባዬ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ናፍጣ አይቶ ሞተር ያስነሳ ነበር?"

 ይሄን ሲለኝ ይብስ ተናደድኩ። ቅዳሜ ገዢ ይዞ ሊመጣ፣ እስከዚያ ግን መፍሰሱን ካቆምኩት መኪናዋም ላትሸጥ፣ ቁልፉም ከአባዬ ኪስ ላይወጣ፣ ካላቆምኩት ግን ዳግም ላልከራከረው ተስማምተን ተለያየን። ስንነጋገር አባቴ ራቅ ብሎ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ስለ እሱ እንደምንነጋገር አላወቀም። ቁልፉን ብንቀማው ያ ሰው ጠዋት ምን ብሎ ይነሳል? እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር።

ሰኞ መኪናዋ እንደዚያው እየተንጠባጠበች አባቴ እናቴን ይዟት ሄደ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስልኬን ነው የማየው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ እንደማይነድ አውቃለሁ። ግን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ቢፈስስ? መንገድ መሃል ሞተሩ ቢጠፋስ? እግሯን ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ከሚነድ መኪና እንዴት አድርጋ ትወጣለች? በሰላም ተመለሱ። እኔ ግን እስከ ማታ የድስት ክዳን ሳንኳኳ አመሸሁ።

ጋራዥ እንዳልወስዳት፣ አንዴ ከገባች ሞተሩ ይውረድ ብለው ሳምንት ያስተኟታል፤ የእናቴ ሰኞ ደግሞ አይጠብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ሲሠራ ባትሪ እያበራሁ ያደግኩ ስለሆነ ራሴ እሞክራለሁ አልኩ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ የአባቴን አሮጌ ቱታ ለብሼ፣ ማዳበሪያ አንጥፌ ከመኪናዋ ስር ገባሁ። ጠብታው የሚወርደው ከታች ካለው ጎማ መጋጠሚያ ላይ ነው። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ደስ አለኝ፤ በቃ ተገኘ! አዲስ ጎማና ማሰሪያ ፋሼታ ገዝቼ ለወጥኩት። አባቴ በላዬ ቆሞ ባትሪ ያበራል፣ በካቻቪቴ አታጥብቂው በመፍቻ ነው ይለኛል፣ ልክ ነው ይለኛል። የሞተር ነገር አንድም አልጠፋውም። የትኛው ቱቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ሳያይ ይነግረኛል። ይሄን ሰው ነው አርጅቷል የምትለው ብዬ ወንድሜን በልቤ ሰደብኩት።

ማታ መሬቱ ደረቅ ነበር። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከስሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ርሷል።

አባቴ ሳሙና ጠቅጥቂበት አለኝ። የድሮ ሹፌሮች ዘዴ ነው፤ የልብስ ሳሙና በውሃ ለስለስ አድርጎ የሚያፈሰው ቦታ ላይ ሲለጥፉት ናፍጣ አያሟሟውም፣ በረሃ አቋርጦ ቤት ያደርሳል። ስንት ቦታ ሳሙና እንደለጠፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ መጋጠሚያ የሚባል አልቀረኝም። ማታ ደረቅ ነበር። ሐሙስ ስመለስ ደግሞ ርሷል። ሰኔ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ናፍጣውን ይዞ ግቢውን ያጥባል፣ ተከራያችን ያሰጣሁት ልብስ ሸተተኝ ብላ ታኮርፋለች፣ ሽሮው እንኳን ናፍጣ ናፍጣ ይለኝ ጀመር። መፍቻውን ወርውሬ ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ፤ ግን አላለቀስኩም፣ ከእናቴ ጋር በምሳ ሰሃን ተጣላሁ።

አርብ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሳጠፋ ጠመኔው እጄ ላይ ቦነነ። ላብ የነካው የመዳፌ መሃል ጠቁሮ፣ የቀረው ነጭ ሆኖ ታየኝ። ይሄ ነው የሚያስፈልገኝ አልኩ። ናፍጣ አታላይ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ወጥቶ ቱቦ ቱቦውን ተንሸራትቶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን የሚወጣበትን ማየት ነበረብኝ። የተሰባበሩ ጠመኔዎች ሰብስቤ ቤት መጣሁ፤ ሞተሩን በዱቄት ሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ጠመኔውን ወቅጬ በእናቴ ወንፊት ሞተሩ ላይ ነሰነስኩት። እናቴ ከደጃፉ ሆና ወንፊቷን ስታይ ጮኸች። አባቴ ሳቀ፤ "ሙሽራ አስመሰልሻት" አለኝ። ነጭ ሆና አምሮባት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ወንድሜ ከረፋዱ ላይ እንደሚመጣ ደውሎ ነበር። ስመለስ ዳቦውን እንኳን ሳላስገባ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁሉም ነጭ ነው፣ ራዲያተሩ ነጭ፣ የሞተሩ ክዳን ነጭ። ከናፍጣ ፊልትሮው አናት ግን አንድ ጥቁር መስመር ተነስቶ፣ በፊልትሮው ጎን ወርዶ፣ ጎማውን ተከትሎ እኔ ስታገለው እስከከረምኩት መጋጠሚያ ድረስ ሄዷል። መነሻው አንዲት ትንሽ ቡሎን ናት። በጣቴ ነካሁት፣ ዞረ። ልል ነው!

ሳቄ መጣ። ሳምንት ሙሉ ስታገል የከረምኩት ለዚህ ነው? መፍቻ አምጥቼ አጠበቅኩት፣ አዲስ ካርቶን አንጥፌ ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅኩ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። በቃ አሸንፌዋለሁ፣ ወንድሜ ይምጣ አልኩ። ዳቦዬን ይዤ እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

አባቴ ሻይ እየጠጣ ነበር። ዳቦውን ልሰጠው ጠጋ ስል ብርጭቆው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጠመኔ ናቸው። የጃኬቱ እጅጌም እንዲሁ።

ያቺ ቡሎን አየር ማውጫ ናት። ነዳጅ ሲያልቅ ወይ ፊልትሮ ሲቀየር መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፤ ያኔ ቡሎኑን ላላ አድርጎ፣ አረፋው እስኪጠፋ በእጅ ፖምፓ እየገፉ ናፍጣ ማፍሰስ፣ ከዚያ መልሶ ማጥበቅ ነው። ጤነኛ መኪና ላይ በየቀኑ የሚደረግ ነገር አይደለም። አባቴ ግን ተሳቢ ሲነዳ ጠዋት ጠዋት አየር ሳያወጣ መንገድ አይጀምርም ነበር፤ በረሃ መሃል ከመቆም እዚሁ ማየት ይሻላል ይል ነበር። አሁንም ጠዋት፣ እኔ ከቤት ስወጣ፣ ያንኑ ያደርግ ኖሯል። ይፈታል፣ አየሩን ያወጣል። ማጥበቁን ይረሳዋል።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማድ ቤት ገባሁ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ያየሁትን ነገርኳት። ቀና አላለችም፤ አልደነገጠችም። አለመደንገጧ እኔን አስደነገጠኝ። ታውቃለች። ቡሎኑን ባታውቀውም አባቴን ታውቃለች። ቀስ እያለች ነገረችኝ፤ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ መታጠፊያ እየጠፋው እንደሆነ፣ አንድ ሰኞ ዘነበወርቅን አልፎ ዝም ብሎ ሲነዳ እሷ ከኋላ ጮኻ እንደመለሰችው፣ ከዚያ ወዲህ ከግቢ እስከ ሆስፒታል በር አፏን ዘግታ እንደማታውቅ። እኔ የምስቅበት ትእዛዝ ለካ መንገዱ ራሱ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ያን እግርሽን ይዘሽ፣ እንዴት አብረሽው ትገቢያለሽ?

"እኔ ከኋላ ካልተቀመጥኩ መንገዱን ማን ይነግረዋል?" አለችኝ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ፈርቼ ዝም ስል በዕድሜዬ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጥቼ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። ጠብታ የለም። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፤ መጥቶ ካርቶኑን ደርቆ ያየዋል፣ ቃሉን ይጠብቃል። እኔ አፌን ብዘጋ ቁልፉ አባቴ ኪስ ይቀራል። ሰኞ ደግሞ እናቴን ከኋላ አስቀምጦ ይወጣል። ቡሎኑን እንዳይፈታ አድርጌ ላስበይደው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም። እሺ ቡሎኑስ ተበየደ፣ መታጠፊያውን በምን እበይደዋለሁ? ሳምንቱን ሙሉ ለመኪናዋ ስከራከር፣ አባቴ ላይ የሚመሰክር ማስረጃ በገዛ እጄ፣ በገዛ ጠመኔዬ ሠርቼ አረፍኩት። 

አባቴ ጨርቁን ይዞ ወጣ። የተከፈተውን ኮፈን አይቶ ምን አገኘሽ አለኝ። ቡሎኑን አሳየሁትና አንተ ነህ ወይ የፈታኸው አልኩት።

"እኔ? እኔ ምን ቤት ነኝ፤ ስትሠሪያት የምትውይው አንቺ" አለ። ውሸት አልነበረም። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ የዋሸ ሰው ፊት አይደለም። ያ ነው የከፋው።

 ቀኝ እጁን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ጣቶቹን አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊልትሮውን አየ፤ ዙሪያው ነጭ፣ የእጅ ፖምፓው አናት ላይ ብቻ የሁለት ጣት ማረፊያ። ጣቶቹን ቀስ አድርጎ እዚያው ላይ አሳረፋቸው። ልክ ገቡ። ከዚያ ጥቁሩን መስመር በዓይኑ ተከትሎ እስከ ታች ወረደ። እንደዚያ አድርጎ ሞተር ሲያነብ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ የሰው መኪና ሲበላሽ ነበር ግን።

"እኔ ነኝ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ አባዬ።"

 ጨርቁን አጠፈ፣ ፈታ፣ መልሶ አጠፈ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘነበወርቅ፣ እናቴ ስለነገረችኝ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አያስፈልገውም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መኪና ይዞ ሲወጣ አንድ ሰው ላይ ጉዳት አላደረሰም፤ የሚኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ዓይኑ ከፊልትሮው ተነስቶ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ፣ እናቴ እግሯን ወደምትዘረጋበት፤ እዚያ ትራሷ ነበር።

"እናትሽን ጭኜ ነበር እኮ" አለ።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አደረገው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፎ ዘጋቸው፤ ጠመኔው እኔ እጅ ላይም ቀረ። አላለቀሰም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ወንድሜ ገዢውን ይዞ መጣ። ካርቶኑን አየ፣ ደረቅ ነው፤ ፊቴን አየ፣ ደረቅ አይደለም። ምን ሆናችሁ አለ። አባቴ ቀድሞኝ መለሰ፤ መኪናዋን መሸጥ ከፈለግክ ልጅቷን ጠይቅ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው አለው። ገዢውን በሻይ ሸኘነው። ለወንድሜ የሆነውን ሁሉ፣ የመንገዱንም ጭምር፣ ማታ ከመሄዱ በፊት ነገርኩት። ብዬሽ ነበር አላለኝም። በሩ ላይ ቆሞ ሐኪም ጋ እኔ እወስደዋለሁ አለኝና ሄደ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። እናቴን ደግፌ ኋላ አስቀመጥኳት፣ ትራሱን ከጀርባዋ አደረግኩላት። አባቴ ጃኬቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ቡሎኗን አላላ፣ ፖምፓውን እየገፋ አረፋው እስኪጠፋ ጠበቀ። እጁ አልተሳሳተም። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋውና ወደ ሹፌሩ በር መጣ። ኪሱን ዳሰሰ፣ የቀኙን፣ የግራውን፣ የደረቱን።

"ቁልፌን አይተሻል?" አለኝ።

እጄ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ በገዛ እጁ ጣቶቼን አጥፎ የሰጠኝን፣ ዛሬ የት ነው ይለኛል። መልሱን ማን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይነግረዋል? 

እናቴ ከኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ ልጅህ ትንዳ፤ አንተ ከጎኗ ሆነህ አስተምራት" አለችው።

እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ግን በወዲያኛው በር ዞሮ ገባ፣ ቀበቶውንም አሰረ። መብራቱን ልይ በሚል ሰበብ ኮፈኑን መልሼ ከፈትኩ፣ ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ የተረፈውን ናፍጣ በጨርቅ ጠረግኩ።

አየር ጤናን አለፍን። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም አባቴ መኪናዋን ሰጥቶኝ ስለማያውቅ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ዘነበወርቅ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ከኋላ "እዚህ ጋ ታጠፊ" አለችኝ።

አባቴ ወደ ኋላ ዞረና "ተያት እስቲ" አላት፤ "መንገዱን ታውቀዋለች።"